ሁለተኛው ሶኬት ለምን?

ሰርቨር ስለመግዛት የሚመክረው ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ግን «ትራፊክ ከበዛባችሁ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ግዙ» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። ድሮ ልክ ነበር፣ የአንዱ ፕሮሰሰር ኮር (ስሌቱን የሚሰራው ክፍል) በጣት የሚቆጠር ስለነበር ሌላ አማራጭ የለም። ኤኤምዲ ግን ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) 64 ኮር ያለው ኢፒክ የሚባል የሰርቨር ፕሮሰሰር እየሸጠ ነው፣ ከዛም በላይ የያዙ መጥተዋል።

ሁለት ሶኬት ሲሆን እኮ ራሙም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፕሮሰሰር የሌላውን ራም ለማንበብ በመሃል ያለውን መስመር መሻገር አለበት፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል (ኑማ የሚባለው ጣጣ ይሄ ነው)።

መጀመሪያ አፕሊኬሽናችሁን እዩ። ኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) የጃቫስክሪፕት ኮዱን በመደበኛው አሰራር በአንድ ትሬድ (በአንድ የስራ መስመር) ነው የሚያስኬደው፤ የፕሮግራሙን ብዙ ቅጂ (ፕሮሰስ) ካላስነሳችሁ 64 ኮር ቢኖር አብዛኛው ቁጭ ብሎ ያያል። ሬዲስም (ዳታውን ራም ላይ የሚይዘው ዳታቤዝ) ትእዛዞቹን የሚፈጽመው በዋናነት በአንድ ትሬድ ስለሆነ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው የሚጠቅመው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለየት ይላል፣ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት ብዙ ኮር ይወዳል።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ፣ ሰርቨሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ቶፕን (top የሚለውን ትእዛዝ) ከፍታችሁ 1 ቁጥርን ተጫኑ፣ እያንዳንዱን ኮር ለብቻው ያሳያችኋል። አንዱ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ሌሎቹ ዝም ካሉ ተጨማሪ ፕሮሰሰር ምንም አይፈይድም።

«አሁን በአንድ ልጀምርና ሁለተኛውን በኋላ እጨምራለሁ» ለሚል ደግሞ፦ ሁለተኛው ፕሮሰሰር እስኪገባ ድረስ በሱ በኩል ያሉት የራም ማስገቢያዎች አይሰሩም።