አውራ ጣታችን ይባረክ

በጎጃም የሰው መብት ተከብሯል። የሚጠራጠር ካለ የስም መዝገቡን ይይ፤ አሻራችን አለበት።

ባለፈው በጋ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የውኃ ጉድጓድ ምክክር ላይ ተገኝቼ ነበር። ነጭ ላንድክሩዘር መጣ፣ ባነር ተሰቀለ። «መብትን መሠረት ያደረገ ልማት» ይላል። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1986 እ.ኤ.አ. ልማትን መብት ማለቱን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ንጹሕ ውኃን መጨመሩን አስረዳን። ድሮ «ተረጂ» ነበርን፤ በኋላ «ተጠቃሚ» ሆንን። አሁን «ባለመብት» ተብለናል። ሹመት ያዳብር ነው!

የእኛው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ «የመጠየቅ መብት አላቸው» ይላል። ጎጃም የቅኔ አገር አይደል? ሰሙን ከወርቁ ለይተን ተጠየቅን። ስም? ዕድሜ? ጾታ? ስልክ? እዚህ ጋ አውራ ጣት።

ሴቶች አነሱ ተባለ። ይሄኔ ሁለት ልጃገረዶች ከወንዝ ሲመለሱ ታዩ። ቢጫ ጀሪካናቸውን አስወርደው አስፈረሟቸው። ፎቶም ተነሡ። ስለ ውኃ ተመካከሩ፤ ከዚያ ጀሪካኑን አዝለው ሄዱ። አንደኛዋ ቀለሙን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

አንዲት እናት ግን እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጉድጓዱ እታች ከሆነ ክረምት ረግረግ ነው። ማን ይወጣዋል?» አሠልጣኙ «በጣም ግሩም ጥያቄ ነው እማማ!» ብሎ ትልቁ የሥልጠና ወረቀት ላይ «ፓርኪንግ» (ለኋላ የሚቆዩ ጥያቄዎች ማቆሚያ) በሚል ርዕስ ሥር ጻፈላቸው። ቀበሌው የመኪና ማቆሚያ የለውም፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን አገኘ። (ቦታው አስቀድሞ ተወስኖ ኖሯል። እታች መኪና ይገባል፣ ለምርቃት ይመቻል።)

ተጠያቂነትም አልቀረም። የሐሳብ መስጫ ሣጥን ቀበሌው በር ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉ ባሕር ዳር ነው። መጻፍ የማይችለውስ እንዳትሉ፤ አድልዎ የለም፣ የሚችለው የጻፈውንም የሚያነበው የለም። የፕሮጀክቱ ግምገማ ደግሞ ጣና ዳር ሆቴል ውስጥ ተካሄደ። አበሉ ሳይዘገይ ተከፈለ። ይኼም መብት ነው።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ እታች። ክረምቱ ገባ። ባለፈው ቅዳሜ እናቲቱን ገበያ አገኘኋቸው፤ ጫማቸው እስከ አንገቱ ጭቃ ነው።

«ልጄ፣ ያ ያቆሙት ጥያቄዬ መቼ ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

«ሰኞ ሌላ ምክክር አለ አሉ፤ ጣትዎን ታጥበው ይምጡ» አልኳቸው።