«ስቲል ጊታር ያለቅሳል» ለሚሉ የደሴና የኮምቦልቻ ሰርገኞች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለሰርግ ባንድ የሚቀጥር ቤተሰብ ስቲል ጊታር ሲነሣበት መልሱ የታወቀ ነው፦ «እሱ ያለቅሳል፤ ለሰርግ አይሆንም»። የሰሙትን ነው የሚናገሩት። በየአዳራሹ የሚሰማው የስቲል አጨዋወት አብዛኛው በርግጥ ያለቅሳል። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው አይደለም፤ የአምባሰልና የባቲ አገር ሰርግ ከኪቦርድ ይልቅ ለስቲል ጊታር የቀረበ ነው። ይህም በደንብ የሚታየው ማንም ያልጠበቀው ዘፈን ሲጠየቅ ነው።

ስቲል ጊታር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሃዋይ ውስጥ የተፈጠረ አጨዋወት ነው። ጊታሩ ጭን ላይ ይጋደማል። ግራ እጅ ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫንም፤ ለስላሳ ብረት ክሩ ላይ አሳርፎ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ ጣት ላይ በሚጠለቅ መምቻ ይመታል። ድምፁን የሚወስነው የብረቱ ማረፊያ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ማሲንቆ፣ በሁለት ኖታ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የክሩ ርዝመት 57 ሳንቲሜትር በሆነ ጊታር ላይ ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ፍሬት፣ ማለትም እንጨቱ ላይ እስካለው የመጀመሪያ የኖታ መስመር፣ 3.2 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከ12ኛው ወደ 13ኛው ግን 1.6 ብቻ። መነሻው አካባቢ 3 ሚሊሜትር መሳት እምብዛም አያስታውቅም፤ 12ኛው ላይ ግን የግማሽ ድምፅ (የአንድ ፍሬት ርቀት) አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ከዘፋኙ ጋር ያጣላል። ብረቱ የሚያርፈውም እንደ ተራ ጊታር ጣት ከፍሬቱ ኋላ ሳይሆን ልክ በመስመሩ አናት ነው።

ለቅሶውን የሚያመጡት ሦስት ልማዶች ናቸው፦ ወደ እያንዳንዱ ኖታ ከታች እየተንሸራተቱ መግባት፣ ሰፊና ዝግ ያለ ንዝረት፣ ቮሊውም ፔዳሉን (በእግር የሚረገጠውን የድምፅ መጨመሪያ) ከምቱ በኋላ እየከፈቱ የምቱን ጠርዝ መብላት። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የሙሽራ መግቢያ እንኳ የሐዘን ቤት ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ልምምድ ግን ይፈልጋል። ብረቱን ኖታው ላይ በቀጥታ ማሳረፍ፣ ከብረቱ ኋላ ያሉትን የግራ እጅ ጣቶች ክሩ ላይ ተኝተው እንዲቆዩ ማድረግ፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በቀኝ መዳፍ ጠርዝ ድምፁን መቁረጥ። መንሸራተት ለስንኝ መጨረሻ ይቀመጥ። ጭክችካው ሲፈጥን ደግሞ ዜማውን ለዘፋኙ ትቶ፣ ከከበሮው ምት መሃል አጭርና ደረቅ ምት ብቻ መጣል ይበቃል።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ባለ ስድስት ክር ስቲል ላይ የሚመቸው መነሻ ሙዚቀኞች «ሲ ሲክስ» (C6) የሚሉት ነው፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ፣ ከአምስቱ ኖታዎች አራቱ ብረቱ ሳይንቀሳቀስ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ሬ ከዶ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ናት። ሁለቱን ሚዎችና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ለአምባሰል ሚዎቹ በግማሽ ድምፅ ወደ ፋ ከፍ ይላሉ፣ ላ በግማሽ ዝቅ ይላል። ለአንቺ ሆዬ ሚዎቹ ወደ ፋ ይወጣሉ፣ ሶል በግማሽ ዝቅ ይላል፣ ላ ባለበት ይቀራል። በእነዚህ ሁሉ አራት ኖታ በአንድ የብረት ማረፊያ ላይ ይገኛል፤ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ አምስተኛው ኖታ ከዶ አንድ ፍሬት ብቻ ይርቃል። ዘፋኙ መነሻ ኖታውን ከዶ ወደ ሬ ካደረገ ያው ሁሉ በሁለት ፍሬት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ያኔ ባዶ ክር፣ ብረቱ ያላረፈበትን፣ መንካት የለም።

ባቲ ብቻ ያስቸግራል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ላ ወደ ሲ ሙሉ ድምፅ መውጣት አለበት፤ ይህም የክሩን ውጥረት ከሩብ በላይ ይጨምራል። ሰርግ መሃል ክር ከሚበጠስ ሲን ከላይኛው ዶ ብረቱን አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መልሶ ማግኘት ይሻላል። ባቲ ማይነር ለሚሉት ሚና ሲ በግማሽ ይወርዳሉ።

ስቲል ጊታር ገዝቶ ማስመጣት የማይችል ባንድ ተራ ባለ ብረት ክር ጊታር ሊቀይር ይችላል። የጊታሩ ራስ ጋ ያለው የክር ማረፊያ ላይ ማንሻ ተደርጎ ክሩ ከእንጨቱ 8 እስከ 10 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት። የናይለን ክር ጊታር ላይ ግን የብረት ክር አይገባም፤ ክሩ የሚታሰርበትን ድልድይ ነቅሎ ይነሣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የተለመደውን የክር ስብስብ እንዳለ አስገብተው ሲያጠብቁት ነው፤ አራተኛው ክር ከሬ እስከ ሶል አምስት ግማሽ ድምፅ ሲጎተት ይበጠሳል። ሁለት ስብስብ ይገዛና ወፍራሞቹ ስድስተኛና አምስተኛ ክሮች እሽጉ ውስጥ ይቀራሉ። በስድስተኛው ቦታ አራተኛ ክር ወደ ዶ ወርዶ፣ በአምስተኛው ቦታ ሌላ አራተኛ ክር ወደ ሚ ወጥቶ ይገባል። በአራተኛው ቦታ ሦስተኛው ክር እንዳለ፣ በሦስተኛው ቦታ ሌላ ሦስተኛ ክር ወደ ላ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ቦታ ሁለተኛው ክር ከሲ ወደ ዶ ወጥቶ ይታሰራል፤ የመጀመሪያው እንደነበረ ይቀራል።

የአየሩ ነገርም አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሰርገኛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ሲወርድ ጊታሩም አብሮ ይወርዳል፤ ክር ሲሞቅ ይላላል፣ ሲበርደው ይጠብቃል። አዳራሽ ከደረሱ በኋላ ሽፋኑን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማስቀመጥና ከዚያ መቃኘት ነው። ክር ሲላላም ሲጠብቅም ከሚፈለገው ዝቅ አድርጎ ወደ ላይ እየወጡ መጨረስ፣ በጣት ሳብ ሳብ አድርጎ ደግሞ መቃኘት። ጀነሬተር ሲነሣ የሚመጣው ጉርምርምታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጊታሩ ማግኔት ነው፤ ወንበሩን ሩብ ዙር ማዞርና ገመዱን ከመብራት መስመር ማራቅ ግማሹን ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚፈተነው አንድ እንግዳ ከምሳ በኋላ ተነሥቶ ባንዱ በስም የማያውቀውን ዘፈን ሲጠይቅ ነው። «አናውቀውም» ከመልሶች ሁሉ የከፋው ነው። መጀመሪያውን ስንኝ በጆሮዎ እንዲያንጎራጉርልዎ ያድርጉና የሚያርፍበትን ኖታ ይያዙ። ከዚያ የሚቀጥለውን የላይ ኖታ ያዳምጡ። ግማሽ ድምፅ ብቻ ከሆነ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ነው፤ ንጹሕ ሶል ካለበት አምባሰል፣ ሶሏ የወረደች ከሆነ አንቺ ሆዬ። ሙሉ ድምፅ ከሆነ ትዝታ ነው፤ ሜጀር ማይነሩን ሚ ይነግራል። ሬን ዘሎ ወደ ሚ የሚሄድ ከሆነ ባቲ ነው። ቅኝቱ ከታወቀ ዘፈኑን ባያውቁትም ዘፋኙን መከተል ይቻላል። እዚህ ላይ ለኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ነገር ሊነገረው ይገባል፦ የአምባሰልን ሁለተኛ ኖታ አትያዝብኝ። የወሎ ዘፋኝ ያቺን ኖታ ቁልፉ ካለበት ትንሽ ዘወር አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት፤ ብረቱ ይከተለዋል፣ ኪቦርዱ ግን አይችልም።

የጥያቄው ዓይነት ግን ከዜማው በላይ ነው። እናቷን ያጣች ሙሽራ ትዝታ ብትጠይቅ፣ ልቅሶ ነው ተብሎ የሚከለከል አይደለም። ምግብ ሲቀርብ፣ ያለ ዘፋኝ፣ ሦስት ደቂቃ፣ በሜጀር፤ ሲያልቅም ዝም ሳይባል በዚያው መነሻ ኖታ ወደ ጭክችካ መግባት። የካንትሪ ዘፈን የሚጠይቁ ጎልማሶች ስቲሉን ቤቱ ነው የሚያገኙት፤ የህንድ ፊልም ዘፈንም እንዲሁ፣ የሃዋይ ጊታር እዚያ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። መንዙማና መዝሙር ግን ሌላ ናቸው። መጠጥና ጭፈራ ባለበት አዳራሽ መንዙማ በጊታር መጫወት ሽማግሌዎቹን ማስቀየም ነው፤ መዝሙርም ከበሮና ጸናጽል ላላቸው መዘምራን ይተው። በወሎ ሰርግ ሁለቱም ወገን አንድ ድንኳን ውስጥ ሊቀመጥ ስለሚችል እጅን ከክሩ ማንሣት ይሻላል። ቀረርቶና ፉከራ ሲጠየቅ በዶና ሶል ብቻ መያዝ ይበቃል። ግን የ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሁለቱም ከተሞች ውስጥ አልፏል፤ የማን ቤተሰብ ምን እንዳጣ ባንዱ አያውቅም። ለጠላ ሞቅታ ተብሎ የጦር ዘፈን አይነሣ፤ ቤተሰቡ ራሱ ይፍቀድ።

ለዚህ ነው ውሉ ላይ ከክፍያው እኩል ሁለት ዝርዝር መጻፍ ያለበት፦ የግድ የሚዘፈኑና የማይዘፈኑ። ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን አንድ አንድ ሚዜ ይሰየምና ጥያቄ ሁሉ በእነሱ በኩል ይምጣ። መድረክ ድረስ ለመጡ አዛውንት «እሺ ጋሼ፣ ሚዜው ይንገረኝና ወዲያው» ማለት ማንንም አያስከፋም። ብር ግንባር ላይ መለጠፉ ግን ለስቲል ተጫዋች የተለየ ጣጣ አለው። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል፣ አንገቱ ወደ ጭኑ አዘንብሏል፤ በላብ የረጠበው ብር ሲወድቅ ክሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ክሩም ዝም ይላል። ከወንበሩ አጠገብ ትሪ ይቀመጥ፤ የተለጠፈውን ሚዜው ወዲያው ያንሣ። ትሪው ላይ ብዙ የጣለ ሰውም ዘፈኑ ተራውን ይጠብቃል፤ ገንዘቡ የባንዱ ሁሉ ነው፣ ከበሮ መቺውን ጨምሮ፣ ክፍፍሉም ከሰርጉ በፊት ይወሰን።