ክርክር፦ ሮበርት ሁክ የተረሳው በኒውተን ተንኮል ነው?

መካኒኩ (ደጋፊ)፦

ለብዙ ሰው ሮበርት ሁክ ማለት ባዮሎጂ ላይ "ሴል" የሚለውን ስም ያወጣ እንግሊዛዊ ነው፣ ለፈተና ይሸመደዳል አለቀ። እኔ ጋራዥ ነው የምውለው፣ ስራዬ ሞላና ባሌስትራ ነው፣ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የሞላው መለጠጥም እጥፍ ይሆናል የሚለው ህግ የሱ መሆኑን ያወቅኩት ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዛ ማንበብ ጀመርኩ አላባራሁም። የሳይንቲስቱን የቦይልን የአየር ፓምፕ የሰራለት እሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን ስትቃጠል በፍርስራሹ ውስጥ የየሰዉን ቦታ እየለካ ድንበር ያስያዘው እሱ፣ የቃጠሎው መታሰቢያ የሆነውን 202 ጫማ ሀውልት ከአርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን ጋር ያቆመው እሱ፣ መሀሉንም ክፍት ትተው ቴሌስኮፕ ሊያደርጉት አስበው ነበር እኮ! ይሄ ሁሉ ሰው የት ገባ? ኒውተን ቀበረው። ሁክ በ1703 ሞተ፣ በዛው አመት ኒውተን የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማህበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ በ1704 የብርሃን መጽሐፉን አወጣ፣ የሁክን ምስልም አቃጠለው። ዛሬ የሁክ ነው ተብሎ የተረጋገጠ አንድ ምስል የለም።

መምህርቷ (ተቃዋሚ)፦

"ምስልም አቃጠለው" አልክ ወንድሜ። ማን አየ? ክብሪቱን ማን አቀበለው? ሶሳይቲው በ1710 ቤት ቀይሯል፣ ቤት የቀየረ ሰው ደሞ እቃ እንዴት እንደሚጠፋ ያውቃል። ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ዩቲዩብ ላይ ያዩትን እንዲህ እያመጡ ነው የሚያደክሙኝ።

የስበትን ህግ ሁክ ነው ቀድሞ ያሰበው የምትል ከሆነ ደሞ ጉዳዩ አጭር ነው። በ1684 መጀመሪያ ሬን ለኮከብ ተመራማሪው ለሃሌይና ለሁክ፣ የፕላኔቶችን መንገድ በሁለት ወር ውስጥ አረጋግጦ ላመጣልኝ 40 ሺሊንግ የሚያወጣ መጽሐፍ እሸልማለሁ አለ። ሁክ ምን አለ? እኔ ጋ አለ፣ ግን ሌሎቹ ሞክረው ሲያቅታቸው ዋጋውን እንዲያውቁት ለጊዜው እደብቀዋለሁ። ሁለት ወሩ አለፈ፣ ምንም የለም። ሃሌይ በኦገስት ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ኒውተንን ጠየቀ፣ በ1687 ፕሪንሲፒያ የሚባለው የኒውተን የስበት መጽሐፍ ወጣ። ሁክ ማለት ሁሉን ነክቶ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው ነው።

መካኒኩ፦

መቼ ተዋውቀን ነው "አንተ" የተባባልነው መምህርት? እኔ በ"እርስዎ" እቀጥላለሁ፣ አስተዳደጌ ነው።

"አንዱንም ያልጨረሰ" ብለዋል። የሞላው ህግ ምኑ ጎደለ? እኔ በየቀኑ የምሰራበት ነው፣ ያልተጨረሰ ነገር መኪና አይሸከምም። በ1665 ያወጣው፣ በማይክሮስኮፕ ያየውን የሳለበት መጽሐፉ ማይክሮግራፊያስ? ተዘርግቶ ከመጽሐፉ የሚበልጥ ወረቀት ላይ ቁንጫ ስሎበታል፣ እያንዳንዷ ፀጉር ትቆጠራለች፣ የተወለወለ ጥቁር ጥሩር ለብሳለች ነው የሚለው ስለሷ ሲጽፍ። ሳሙኤል ፔፒስ የሚባለው ባለስልጣን በኛ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ 8 ሰአት ተቀምጦ አንብቦታል። ያልተጨረሰ መጽሐፍ ነው እንዲህ እንቅልፍ የሚነሳው?

ደሞ በ1679 ኒውተን ለሁክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከላይ የተለቀቀ እቃ መሬቱ ባይከለክለው እየተጠማዘዘ መሀል ድረስ ይወርዳል ብሎ ስሏል። ኧረ ሞላላ ነገር ሰርቶ ይዞራል እንጂ ብሎ ያረመው ማነው? ሁክ! ይሄን ለተማሪዎችዎ ይነግሯቸዋል?

መምህርቷ፦

እሺ "እርስዎ"። እርስዎ ስለ ምስሉ ትንፍሽ አላሉም።

ያ የሚኮሩበት የሞላ ህግ በ1676 እንዴት እንደወጣ ልንገርዎት፦ 14 ፊደል ዘበራርቆ ነው ያተመው፣ ማንም እንዳያነበው። የፈታው ከሁለት አመት በኋላ በ1678 ነው። ግኝቱን ቡዳ እንዳይበላበት ሸሽጎ ከዛ ሰረቁኝ ማለት ምን የሚሉት ነው? ከሆላንዳዊው ሳይንቲስት ከሁይገንስ ጋር በሰአት ሞላ ተጣላ፣ ከኒውተን ጋር በብርሃን ተጣላ፣ ሁሌ "እኔ ቀድሜ" ነው። አንድ ሰው ከሁሉም ጋር ሲጣላ አንዳንዴ ችግሩ ከሰውየው ነው።

መካኒኩ፦

መዘበራረቁን ጋሊሊዮም ሁይገንስም አድርገውታል፣ ያኔ ልማድ ነበር፣ እነሱን ቡዳ አይፈራም?

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሁክ የሶሳይቲው ተቀጣሪ ነበር፣ በየስብሰባው ሶስት አራት ሙከራ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ነው የታዘዘው። ጌቶቹ ተቀምጠው ያያሉ፣ እሱ ፓምፕ ይነፋል። እኛም ጋ ሞተሩን ፈቶ መላ የሚመታው ሌላ፣ ደረሰኝ ላይ የሚፈርመው ሌላ ነው። ኒውተን ካምብሪጅ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ጊዜ ያለው ሰው ይጨርሳል! የሁክ ስም ፕሪንሲፒያ ላይ ይጠቀስ ሲባልም እኮ ኒውተን በ1686 አኩርፎ የመጽሐፉን ሶስተኛ ክፍል አላወጣም ብሎ ሃሌይ ነው የለመነው።

መምህርቷ፦

አሁን ደሞ ስለ ደሞዝ ሆነ ክርክሩ? ርዕሱ ተንኮል ነበር። ጊዜ ያጣው ሰው ማስታወሻ ደብተሩን ቢያዩት ከቡና ቤት ቡና ቤት ነው የሚዞረው። ምስኪን ሰራተኛ ያሉት ሲሞት ከሳጥኑ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ተገኝቷል፣ ኑዛዜ ግን አልፈረመም። እሱንም አልጨረሰም።

መካኒኩ፦

በሞተ ሰው ኑዛዜ የሚቀለድ አይመስለኝም ነበር። የፊት ሞላው የወደቀ ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል፣ ልሂድበት። እርስዎ ኒውተንን ይጥሩትና ያንሱልኝ።

መምህርቷ፦

በሰላም ይሂዱ። ምስሉን ማን እንዳቃጠለው ግን አሁንም አልነገሩኝም።