እርማት፦ የሳንታ ፌ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ቀይና ብርማ አልነበሩም

ወንድሜ፣ «የአሜሪካው ሳንታ ፌ የባቡር ድርጅት ዲዝል ሎኮሞቲቮች (ባቡር ጎታች ሞተሮች) ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሌም ቀይና ብርማ ነበሩ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ያ ውብ ቀለም የመንገደኛ ባቡሮች ነበር። የጭነቶቹ በብዛት ሰማያዊና ቢጫ ነበሩ። በ1971 አምትራክ የተባለው አገር አቀፍ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት የመንገደኛውን አገልግሎት ሲረከብ፣ ቀዩ ቀለም ቀስ በቀስ ጠፋ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ «ከሳዘርን ፓሲፊክ የባቡር ድርጅት ጋር እንዋሃዳለን» ተብሎ በርካታ ሎኮሞቲቮች ቀይና ቢጫ ተቀቡ። ጎናቸው ላይ «ኤስኤፍ» (ሳንታ ፌ) ተጽፎ፣ ለ«ኤስፒ» (ሳዘርን ፓሲፊክ) ባዶ ቦታ ተተወ! በ1986 የባቡር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል ኮሚሽን ውህደቱን አልፈቅድም አለ። ያ ሁሉ ቀለም በከንቱ ቀረ፤ ያሳዝናል።

ቀይና ብርማው የተመለሰው በ1989 ነው፤ ያኔ ግን ለጭነት ባቡር። ስለዚህ የ1975 ፎቶ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ካየህ፣ ፎቶው ሐሰተኛ ነው አትበል።