ማስተካከያ፦ የነጋሽ እጥፋት ዕድሜ

ባለፈው ስለ ትግራይ አለቶች በጻፍኩት ላይ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። ከውቅሮ በስተሰሜን፣ ነጋሽ ላይ የሚታዩት ልውጥ አለቶች (በሙቀትና በግፊት የተለወጡ ድንጋዮች) የተጣጠፉት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የደጋው ባዛልት፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ሲፈስ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። እጥፋቱ 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጥራል።

ያኔ ምሥራቅና ምዕራብ ጎንድዋና የሚባሉት ግዙፍ የየብስ ክፍሎች ተጋጭተው ረጅም የተራራ ሰንሰለት ተሠራ። በመካከል የተያዘው የባሕር ጭቃና የኖራ ድንጋይ ከሁለት ወገን ተጨምቆ እንደ ጀልባ ሆድ ጎደጎደ። ጭቃው ጠንክሮ ስሌት ሆነ (ከሒሳቡ ስሌት ጋር ዝምድና የለውም)። ጠርዙን በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይላቀቃል።

ማስረጃው ደግሞ አፍንጫዬ ሥር ነበር። በአካባቢው ከተጣጠፉት አለቶች አናት ላይ የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ዕድሜው ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። እጥፋቱ በባዛልቱ ዘመን የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ አሸዋ ድንጋዩም አብሮ በተጣጠፈ ነበር።

ያ የጥንት ተራራ ተሸርሽሮ አልቋል፤ የቀረው ሥሩ ነው። የዛሬው የትግራይ ከፍታ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱን ያምታታሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።