የደፋነውን አጓት

ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ጠየቀኝ። 55 ቀን በሽሮና በምስር ተጠብቆ የቆየ ወገብ በሦስት ቀን ዶሮ ወጥ ይህን ያህል ይከዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ባለቤቴ ቀዳዳውን በምስማር ስበሳ አይታኝ ምንም አልተናገረችም። የእሷ ዝምታ ግን ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ባለ ክዳን ትልቅ ጥቁር ዕቃ ቆሞ አገኘሁ።

«ግድግዳው ሊቀባ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ፕሮቲን ነው። ከዱባይ አስመጥቼው ነው።»

እኛ ቤት ፕሮቲን ሲበላ የኖረው ስሙ ሳይነሳ ነው። ሽሮው ሽሮ ነበር፣ ቅልጥሙም ቅልጥም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ሁሉም በግራም ይጠራ ጀመር። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም እንደሚበቃው ባለቤቴ አስረዳችኝ። እኔ 84 ኪሎ ስለሆንኩ 67 ግራም ገደማ ደረሰኝ። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን እንዳለው እኔም በበኩሌ አንብቤ ነበርና «ታዲያ ሽሮው ምን አጠፋ?» አልኩ።

«ሽሮ ቸኮሌት አይሆንም» አለችኝ።

መልስ አላገኘሁለትም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ሌሊት ተነስቼ ጣፋጭ ፍለጋ ቁም ሣጥን ሳይቀር የምፈትሽ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ያሰበችልኝ መድኃኒት በእንጨት ላይ የተሰካ የቸኮሌት በረዶ ነበር፦ ቤት ውስጥ የተሠራ፣ ስኳር ያልነካው፣ ፕሮቲን የሞላበት። እርጎ፣ ካካዎ፣ የለውዝ ቅቤ፣ በስኳር ፋንታ የተፈጨ ቴምር፣ ከዚያ ጥቁሩ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ዱቄት።

እርጎው ግን እንዳለ አይገባም፤ መወፈር አለበት። አንድ ሊትር እርጎ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ከድስት በላይ ሲንጠለጠል አደረ። ጠዋት ግማሹ ጨርቁ ውስጥ፣ ግማሹ ድስቱ ውስጥ ነበር። ከደብረ ብርሃን ለፋሲካ መጥታ የሰነበተችው እናቴ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ባለቤቴ ድስቱን ይዛ ወደ መታጠቢያው ዘንበል ስታደርገው ደረሰች።

«ምን ልታደርጊው ነው፣ ልጄ?»

«ልደፋው ነው፣ እማዬ። ውኃ እኮ ነው።»

«አጓት ነው እንጂ ምን ውኃ ነው!»

እናቴ ድስቱን ተቀበለቻት። በእሷ አገር ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው እሳት ላይ ሞቅ ይላል፤ አይቡ ተለይቶ የሚቀረው አጓት ነው። ጥጃ ይጠጣዋል፣ ውሻ ይጠጣዋል፣ ልጅ ሆኜ እኔም ከውሻው ተሻምቼ ጠጥቼዋለሁ። የሚደፋው ሰው ግን የለም። እናቴ አጓቱን በጣሳ አድርጋ ወደ ግቢው ውሻ ይዛ ወጣች። እኔም በዚህ መካከል ሥራ ፈትቼ የጥቁሩን ዕቃ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ዱቄቱ የተሠራው ከወተት አጓት ነው።

እናቴ ስትመለስ መንገር አልነበረብኝም፤ ነገርኳት። በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አሰበች።

«እና አጓቱን ደፍታችሁ አጓት ገዛችሁ?»

ባለቤቴን ለመርዳት ሳይንስ ውስጥ ገባሁ። እርጥቡ አጓት ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፣ ፕሮቲኑ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፋብሪካው አጣርቶና አድርቆ ስለሚያከማቸው ነው 30 ግራም ዱቄት ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን የሚገኘው። ያንኑ ከድስታችን ለማግኘት አንድ ሰው ሦስት ሊትር መጠጣት ይኖርበታል አልኩ። እናቴ ሦስት ሊትር አጓት ጠጥቶ የታመመ ሰው እንደማታውቅ ተናገረች። ቀጥላ የዱቄቱን ዋጋ ስትጠይቀኝ ቡናው ገነፈለ ብዬ ተነሳሁ። ቡና አልተጣደም ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ድንጋይ ሆነ። ይህን ለማጋነን አይደለም የምለው፤ አንዱን መሬት ላይ ጥዬው የተሰነጠቀው የወለሉ ንጣፍ ነው። አይስክሬም የሚለሰልሰው ለካ በደግነቱ አይደለም። ስኳሩ ውኃው ሙሉ በሙሉ በረዶ እንዳይሆን ይከለክለዋል፣ ቅባቱ ያለሰልሰዋል፣ እየቀዘቀዘ ሲማታም አየር ይገባበታል። እኛ ስኳሩን በጤና ስም አባረርነው፤ መምቻ መሣሪያም የለንም። በዚያ ላይ ብርድ የምላስን ጣዕም የመለየት ኃይል ስለሚያደነዝዝ ቴምሩ የት እንደገባ አልታወቀም፤ የካካዎው ምሬት ብቻ በታማኝነት ሥራው ላይ ተገኘ። ከላይ የምናለብሰው ጥቁር ቸኮሌትም በእንፋሎት ሲቀልጥ አንዲት የውኃ ጠብታ ገብታበት እንደ ጭቃ ተቋጠረ። አንዲት ጠብታ! ሰው እንኳ እንዲህ በቀላሉ አያኮርፍም።

መፍትሔው ከማቀዝቀዣ አውጥቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ሆነ። አሥር ደቂቃ ለባለቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። ለእኔ ግን ሌሊት በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ቸኮሌት እስኪለሰልስ ስጠብቅ፣ መጠበቂያ ያህል ትንሽ ቋንጣ፣ ትንሽ ዳቦ በማር፣ እናቴ ያመጣችውን ጭኮ ደግሞ በጣት የምቀምስበት ጊዜ ነው። ከዚያ ቸኮሌቱን እበላለሁ፤ ጤናማ ስለሆነ ሁለት።

ማስቀመጫ ችግር አልነበረብንም። እኛ ቤት የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አይስክሬም ኖሮ አያውቅም፤ ያለው ቁሌት ነው። ልጆቻችን ለዓመታት በቁሌት ስለተታለሉ ያንን ዕቃ ማንም አይከፍትም፤ ከባንክ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከእንግዳ ነው። አንድ እሑድ የባለቤቴ አክስት መጡ። ባለቤቴ አራት የቸኮሌት በረዶ በትሪ ደርድራ፣ አሥሩን ደቂቃ በሰዓት ለክታ፣ ልክ በሚበላበት ሰዓት አቀረበች።

«ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው።»

«ትንሽ ይቅመሱ እንጂ!»

«ሆዴን አይመቸኝም፣ ተዪው።»

«በሞቴ!»

«ምን ሞት አመጣሽ፣ ሞትሽን ለእኔ ያድርገው...»

ፈረንጅ ይህንን ምግብ ሲፈጥር እንግዳው አንዴ ሲሉት የሚቀበል መስሎት ነው። እንጀራ ሦስት ጊዜ እምቢ ቢባል ምንም አይሆንም፣ ዶሮ ወጥማ በልመና ብዛት ይጣፍጣል። በረዶ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በሁለተኛው እምቢታ ቸኮሌቱ ከትከሻው ወረደ፣ በሦስተኛው እንጨቱ ዘመመ። አክስታችን ለቤተሰቡ ጤንነት፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለሟች ዘመዶች ነፍስ ከተባለ በኋላ «እንግዲህ ለቃልሽ ብዬ» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ያነሱት ባዶ እንጨት ነበር። ማንኪያ አመጣንላቸው። በዝግታ ጠጥተው ጨረሱትና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አጥሚቱ ግሩም ነው» አሉ። «ማን ወለደ?»

ባለቤቴ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ የሳቅኩት እኔ ስለነበርኩ።

በዓለ ሃምሳ እንዲህ አለፈ። ረቡዕም ዓርብም ጾም በሌለባቸው በእነዚያ ሳምንታት በየሁለት ቀኑ እርጎ ይንጠለጠላል፣ በየማግስቱ እናቴ ጣሳዋን ይዛ ወደ ውሻው ትወጣለች። የጰራቅሊጦስ ዕለት ማታ ባለቤቴ ዕቃውን ከፍታ ብትቆጥር 19 ቸኮሌት አገኘች። በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ እርጎ ደግሞ የፍስክ ነው። እስከ ሐምሌ 5 ይቆይ እንዳይባል፣ እስከዚያ መብራት አንድም ቀን አይጠፋም ብሎ የሚተማመን ሰው እምነቱ ከእኔ የጸና መሆን አለበት። ቅበላ ተባለ። ልጆቹ ሰባቱን፣ ባለቤቴ ሦስቱን፣ እናቴ «ጥርሴን» ብላ አንዱን ገሚስ፣ የቀረውን እኔ። ባለቤቴ የበላሁትን ፕሮቲን በግራም ደምራ ደስ አላት። 100 ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ እንዳለው የተጻፈበትን ገጽ እኔም አላሳየኋት፣ እሷም አልፈለገችው።

ሰኞ ጠዋት ምስማሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ቀበቶዬን በሳሁና ወደ ሥራ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ውሻውን እያሻሸ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ለዚህ ውሻ ምንድን ነው የምትሰጡት? ጠጉሩን አዩት? ደረቱን አዩት?»

«አጓት ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። ከዱባይ የመጣ ነው ስለው ግን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እኔስ ብዬ ነበር» አለኝ።