ከዓሣው ወዲያ ያለው ዝዋይ

ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ላንጋኖ ስንወርድ ዝዋይ ላይ እንቆማለን። ዓሣ ለብለብ እናዛለን፤ ሐይቁ ዳር ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ፎቶ እንነሳለን፤ ከዚያ ጉዟችንን እንቀጥላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማደርገው። ከውሃው መሀል ብቅ ያለውን ተራራ አይቼ አንድ ቀን እንኳ «እዚያ ማን ይኖራል?» ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ያ ተራራ ቱሉ ጉዶ ነው። ትርጉሙ በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። ደብረ ጽዮንም ይሉታል። በሐይቁ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ናቸው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቁት። የደሴት ገዳም ሲባል ግን ሁላችንም የምናስበው ጣናን ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ 70 ዓመት ያህል ከቆየች በኋላም ወደ አክሱም ተመለሰች። ይህን የሚያምን ያምናል፣ የሚጠራጠርም ይኖራል። በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜም፣ ብዙዎች እነዚህን ደሴቶች መሸሸጊያ እንዳደረጓቸው ይነገራል።

ለእኔ ከመጻሕፍቱም በላይ የሚያስደንቀኝ ሕዝቡ ነው። ዛዮች ይባላሉ። ቋንቋቸው ሴማዊ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጤኛና ሐረሪ ናቸው። ዙሪያውን ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ዛዮቹም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ይናገራሉ። ያም ሆኖ የራሳቸውን ቋንቋ እስከ ዛሬ አቆይተዋል። ተራራውን በእርከን አርሰው፣ ዓሣ አጥምደው፣ ከሐይቁ ዳር በሚያጭዱት ተክል ጀልባ አስረው ኖረዋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ግን ብዙዎቹ ደሴቱን እየለቀቁ ወደ የብሱ ወጥተዋል። መቂና ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ያደገ ልጅ የአያቱን ቋንቋ ከማን ይማራል? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሰሞኑን ቱሪዝም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ሎጅና ሪዞርት ነው። ወንጪና ጎርጎራ ተሠርተዋል፤ ደስ ይላል። ዝዋይ ላይ ግን ከሕንፃው በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የሽማግሌዎቹ ድምፅ በቋንቋቸው ይቀዳ። ብራናዎቹ አንድ በአንድ ፎቶ ተነስተው ይመዝገቡ፣ እርጥበትና ምስጥ የማይደርስባቸው ቦታም ይዘጋጅላቸው። እንግዳ የሚያስጎበኘው የዛይ ልጅ ይሁን፤ ገንዘቡም ደሴቱ ላይ ይቅር። ሐይቁም ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ዙሪያውን ያሉት እርሻዎች ውሃውን ይስቡታል፣ እምቦጭም ገብቶበታል።

በሚቀጥለው ጉዟችሁ ከአዲስ አበባ ማልዳችሁ ውጡ። ዓሣው ስትመለሱም ይደርሳል። ሞተር ጀልባው እስከ ቱሉ ጉዶ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ስለሚያናውጠው በጠዋቱ ተሳፈሩ። ነጠላ መያዝ አትርሱ፤ ቤተ ክርስቲያን መግባታችሁ አይቀርም።